ከሞተር ብልሽት በኋላ፦ ከአሮጌው ዕቃ የትኛው ይመለሳል?

በገጠር የውኃ አቅርቦትና የመስኖ ሥራ የናፍጣ ሞተር የያዘውን ስፍራ ለዚህ መጽሔት አንባብያን መዘርዘር አያሻም። ከጉድጓድ ወደ ማጠራቀሚያ ገንዳ ውኃ የሚገፋው፣ ከወንዝ ወደ ሽንኩርትና ቲማቲም ማሳ የሚያወጣው፣ በብዙ ገዳማትና ቀበሌያት ደግሞ የእህል ወፍጮ የሚያዞረው እርሱ ነው። ይህ ሞተር በጥር ወይም በየካቲት ወር በድንገት ሲቆም እንስራና ጀሪካን ወደ ቀድሞው ምንጭ ይመለሳሉ፤ ኮረት መያዝ የጀመረው ሽንኩርትም ብዙ ቀን አይጠብቅም። በዚህ ጊዜ የውኃ ኮሚቴው በችኮላ ሊመልሰው የሚገደድ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም ከተፈታው ሞተር ውስጥ የትኛው ዕቃ ታጥቦ ይመለስ፣ የትኛውስ በአዲስ ይተካ የሚለው ነው።

በጥያቄው ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች መሰማታቸው የተለመደ ነው። አንደኛው ወገን የአባላት መዋጮ ያለቀበት ኮሚቴ ሲሆን፣ ያልተሰበረ ዕቃ ሁሉ ይሠራል ብሎ ያምናል። ሁለተኛው ደግሞ ለሥራው ዋስትና የሚጠየቀው መካኒክ ነው፤ እርሱም ሁሉም ይቀየር ይላል። ሁለቱም በየበኩላቸው ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳይለኩ የሚናገሩ ከሆነ ገንዘቡ በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ መባከኑ አይቀርም። ምንጩ ያልታወቀ አዲስ ክራንክ ሻፍት ከመግዛት ይልቅ ተለክቶ ደኅና የተገኘ የፋብሪካውን አሮጌ ክራንክ ሻፍት መመለስ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንጻሩ በዓይን ሲታይ እንከን የሌለበት የቢየላ ቡሎን ሞተሩን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያፈርሰው ይችላል።

ምርመራው ከመፍታት በፊት ይጀምራል

አንድ ዕቃ ይመለስ አይመለስ የሚለው ውሳኔ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያርፈው ብልሽቱ ምን ነበር በሚለው ላይ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተፈታ ሞተር ግማሽ ማስረጃውን ያጣል። ስለዚህ ቁልፍ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ በእርጋታ ሊጠየቅ ይገባል። የሰማው ድምፅ ምን ይመስል ነበር? ጢሱ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይስ ጥቁር ነበር? የዘይት ግፊት አመልካቹ ወርዶ ነበርን? ውኃ የጨመረው መቼ ነው? እዚህ ላይ ለኮሚቴ አባላት አንድ ነገር ማሳሰብ ግድ ይላል። ሠራተኛው ከደመወዙ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ከሆነ እውነቱን አይናገርም፤ ዘይት ሳይኖረው ለግማሽ ሰዓት የሠራ ሞተርም «በድንገት ቆመ» ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ሐሰተኛ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ሊጣል የሚገባው ዕቃ ይመለሳል። ተጠያቂነቱ ሌላ ቀን ሊታይ ይችላል፤ የዕለቱ ጥቅም እውነቱን ማግኘት ነው።

ቀጥሎ ዘይቱ በንጹሕ ሳፋ ውስጥ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ በነጭ ጨርቅም ይጠለል። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መቀላቀሉን ያመለክታል። በጨርቁ ላይ የቀረው ብናኝ በማግኔት ሲሞከር የሚሳበው ብረት ነው፤ ከፋሻ፣ ከሲሊንደር፣ ከጥርስ ወይም ከክራንክ ሻፍት የመጣ ሊሆን ይችላል። የማይሳበውና ብርማ የሆነው በአብዛኛው ከፒስተን ወይም ከብሮንዚን ፊት የተላጠ ሲሆን፣ የመዳብ መልክ ያለው ደግሞ ብሮንዚኑ እስከ ውስጠኛው ንጣፍ መበላቱን ይናገራል። የዘይት ማጣሪያውም ሳይጣል ተቆርጦ ይከፈት፤ በውስጡ ያለው እጥፋት ብዙ ይነግራል።

ዘይት ያጣ ሞተር

ከብልሽቶች ሁሉ አሮጌ ዕቃን በመመለስ ረገድ እጅግ የሚያሳስተው በዘይት እጦት የሚመጣው ነው፤ ጉዳቱ ከታየበት ቦታ አልፎ ስለሚሄድ ነው። ብሮንዚን ማለት ጀርባው ብረት፣ ፊቱ ለስላሳ ብረት የተቀባ ስስ ግማሽ ቀለበት ነው። ዘይት ሲያጣ ለስላሳው ፊት ይቀልጣል፤ ከዚያም ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል።

የክራንክ ሻፍቱ ማረፊያ ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ያሳያል። ቀለሙ በአሸዋ ወረቀት ሊጠፋ ይችላል፤ የጠፋው ጥንካሬ ግን በዚያ አይመለስም። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ በትልቁ ዓይኑ ዙሪያ ከሰማያወየ ምንም ልኬት ሳያስፈልገው ይጣል። ክራንክ ሻፍቱ ግን ውድ በመሆኑ ምርመራ ይገባዋል። እያንዳንዱ ማረፊያ በማይክሮሜትር በአራት ቦታ ይለካል፤ ይኸውም በሁለቱ ጫፎች፣ በእያንዳንዱም ጫፍ ቁመቱና አግድሙ ነው። በአራቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት በብዙ አነስተኛ ሞተሮች መመሪያ ከ0.02 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ ከሰው ጠጉር ውፍረት ሲሶ እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነውና በጥፍር ተዳብሶ «ለስላሳ ነው» የሚባል ፍርድ ዋጋ የለውም።

ልዩነቱ ካለፈ ክራንክ ሻፍቱ በማሽን ሾፕ ይታረዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታረደው በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ወይም በ1.00 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ይገዛለታል። ኮሚቴው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ብሮንዚኑ በገበያ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ታርዶ ብሮንዚን ያጣ ክራንክ ሻፍት ከቁርጥራጭ ብረት አይለይም። ማሽነሪው በማረፊያው ጠርዝ ያለውን ክብ መታጠፊያ ቀጥ አድርጎ እንዳይቆርጠውም ይነገረው፤ ክራንክ ሻፍት ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከዚያው ጥግ ነው። እንዲሁም ፊታቸው በናይትሮጅን የተጠነከረ ክራንክ ሻፍቶች አሉ፤ የተጠነከረው ንጣፍ ስስ በመሆኑ ከታረዱ በኋላ እንደገና መጠንከር ያስፈልጋቸዋል። ይህን የሚነግረን የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው።

ስንጥቅን ለመፈለግ ከተማ ያለው ባለሙያ ማግኔትና የብረት ብናኝ ይጠቀማል። ይህ በሌለበት ስፍራ ዕቃው በላምባ ተነክሮ ይቆይ፤ ከዚያም በደንብ ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ የኖራ ወይም የጠመኔ ዱቄት ይነስነስበት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የተደበቀው ላምባ ቀስ ብሎ ይወጣና በነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። አንጋፋ መካኒኮች ክራንክ ሻፍቱን በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ መታ በማድረግ እንደ ደወል መጮሁን ያዳምጣሉ። ይህም ጥበብ መናቅ የሌለበት ነው፤ የታፈነ ድምፅ ትልቅ ስንጥቅን ያጋልጣል። ጥቃቅኑን ግን አይነግርምና የዱቄቱን ሙከራ አይተካም።

ከዘይት እጦት በኋላ ሞተር ዳግመኛ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በቀረ ብናኝ ነው። በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ የተቦረቦሩት የዘይት መንገዶች ጫፋቸው በክዳን የተደፈነ ሲሆን፣ ክዳኑ ሳይወልቅ የሚደረግ እጥበት ቆሻሻውን በውስጥ ይተወዋል። ክዳኖቹ ይነሡ፤ መንገዶቹም በረዥም ብሩሽና በላምባ ይጽዱ፤ በአየርም ይነፉ። የዘይት ማቀዝቀዣ ያለው ሞተር ከሆነ ማቀዝቀዣው ይቀየር። ውስጡ በስስ ክንፎች የተሞላ በመሆኑ የገባውን የብረት ብናኝ ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይቻልም። በሺህ ብር የዳነ ማቀዝቀዣ ሙሉውን የጥገና ወጪ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የዘይት ፖምፓው ጥርሶችም ከተፋቁ በምንም ሁኔታ አይመለሱም።

ሙቀትና ከፍታ

በደጋው አገራችን ሞተርን የሚያሞቅ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ስፍራ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የ0.9 ባር ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ይህን የመፍሊያ ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ጎማው የደረቀ አሮጌ ክዳን በተጠገነ ሞተር ላይ ሲመለስ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ሳስቶ ሳለ የናፍጣው መጠን ካልተቀነሰ በጥቁር ጢስ እየሠራ ይሞቃል። የናፍጣ ፖምፓው በጥሩ ይዞታ ላይ ቢሆንም እንኳ ከቆላ ወጥቶ ደጋ ላይ ሲተከል ልኩ መስተካከል ይኖርበታል።

የሞቀ ሞተር ቴስታታ በቀጥ ማስመሪያ ብረትና በፊለር ጌጅ በቁመቱ፣ በወርዱና በሰያፉ ይለካል። የሚፈቀደው መጣመም እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.05 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ቴስታታው ብረት ከሆነና ካልተሰነጠቀ ተላጭቶ ይመለሳል፤ ሆኖም በናፍጣ ሞተር ላይ ብዙ መላጨት ቫልቩን ወደ ፒስተኑ ያቀርበዋልና መመሪያው ከሚፈቅደው አይታለፍ። የአሉሚኒየም ቴስታታ ግን ሌላ ነው። እጅግ ከሞቀ ይለሰልሳል፤ ተላጭቶ ቀጥ ቢልም ቡሎኖቹ ሲጠብቁ እንደገና ይሰምጣል፣ ጓርኒሲዮኑንም አይዝም። ስለዚህ ጥንካሬው በመሣሪያ ሳይለካ ባይመለስ የተሻለ ነው።

አቧራ፣ ፋሻና አንድ ጠቃሚ ስሌት

በበጋ ወራት የአየር ማጣሪያው የተበሳ ሞተር ሲሊንደሩን ከላይ በኩል ይበላዋል። ከላይኛው ፋሻ ይልቅ ታችኞቹና ብሮንዚኖቹ የተበሉ ከሆነ ግን አሸዋው የገባው ከዘይቱ ጋር ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ የትኛው ዕቃ መመርመር እንዳለበት ያመለክታል።

የሲሊንደር መለኪያ በሌለበት ገጠር፣ በፊለር ጌጅ ብቻ የሚከናወን አንድ ዘዴ አለ። አዲስ ፋሻ ወደ ሲሊንደሩ ይግባ፤ በፒስተን ጀርባ እየተገፋ ቀጥ ይበል፤ በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ፋሻ ከማይደርስበት ከሲሊንደሩ ግርጌ ይለካ። ከዚያም የላይኛው ፋሻ ከሚመላለስበት ቦታ እንደገና ይለካ። የክበብ ዙሪያ ከስፋቱ 3.14 እጥፍ ስለሆነ በሁለቱ ክፍተቶች መካከል ያለው ልዩነት ለ3.14 ሲካፈል ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሰፋ ይታወቃል። ለምሳሌ ከግርጌ 0.40፣ ከላይ 1.35 ሚሊ ሜትር ከተገኘ ልዩነቱ 0.95 ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል 0.30 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሲሊንደር የአዲስ ፋሻ ክፍተት በጥቅሉ ከ0.30 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ሲሊንደር አዲስ ፋሻ ብቻ ተገጥሞለት ሊመለስ እንደማይገባው ግልጽ ነው። ወይ ይቦረቦራል፣ ወይ ካሚቻው ይቀየራል። በአንጻሩ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ያበራው ፊቱ ተፍቆ የተጠላለፈ ጭረት ከወጣለት በአዲስ ፋሻ ብዙ ዘመን ያገለግላል።

ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በድንገት ስለሚቆም ሞተርም አንድ ቃል እንጨምር፤ በክረምት ጎርፍ የሚደርስባቸው የወንዝ ዳር ፓምፖች አሉና። ውኃ ስለማይታመቅ ቢየላው ይጎብጣል፤ መጉበጡም በዓይን አይታይ ይሆናል። ፒስተኖቹ በየተራ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲደርሱ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ያላቸው ከፍታ ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ቢየላው አጥሯል ማለት ነው። የጎበጠ ቢየላን በመዶሻ ማቃናት ፈጽሞ አይገባም።

ለድርድር የማይቀርቡ

ጓርኒሲዮኖች፣ የዘይት መከላከያ ጎማዎች፣ ፋሻዎች፣ ብሮንዚኖች፣ ማጣሪያዎች፣ የሚታጠፉ መቆለፊያዎችና የቢየላ ቡሎኖች ከተፈቱ በኋላ አይመለሱም። ስለ ጓርኒሲዮን ሲነሣ፣ በአሮጌው ላይ ሲሊኮን በብዛት መቀባት የተለመደ ሆኗል። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተቆርጦ በዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ሲከማች ከላይ የተነገረው የዘይት እጦት በተራው ይመጣል።

የቢየላ ቡሎን ሁልጊዜ የሚያከራክር በመሆኑ ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። ፒስተኑ በላይኛው ጫፍ በቆመ ቁጥር የሚጎትተው ኃይል የሚወድቀው በዚህ ቡሎን ላይ ነው፤ የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በወፍጮ ቤቶች የሚታወቀው የሊስተር ዓይነት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 650 ዙር ብቻ ስለሚዞር ብዙ ጉድለት ይቅር ይላል። በዚያ የለመደ መካኒክ 3000 ዙር በሚዞር ሞተር ላይ ተመሳሳይ ድፍረት ሲያሳይ ነው አደጋው የሚመጣው። ለዝግታ ዙሩ ሞተርም ቢሆን አንድ ክልክል አለ፤ የተሰነጠቀ ቮላኖ ተበይዶ አይመለስም። ሲፈነዳ የሚያገኘው በወፍጮ ቤቱ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ ነውና።

ውሳኔው በተግባር

አንድ ባለ ሦስት ሲሊንደር የመስኖ ፓምፕ ሞተር በሁለተኛው ሲሊንደር ብሮንዚን አቅልጦ ቆመ እንበል። በዚህ ጊዜ ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ ሁለተኛውን ፒስተን አውጥቶ ሽንኩርቱ እስኪደርስ በሁለት ሲሊንደር ማስነሣት ነው። የተከፈተው የዘይት ቀዳዳ የሌሎቹን ግፊት ያወርዳል፤ ሚዛኑ የጠፋው ሞተርም ይንቀጠቀጣል። በመሆኑም ለሁለት ሳምንት ፓምፕ መከራየት ምንም ውድ ቢመስል ሞተሩን ያድናል።

ሞተሩ ሲፈታ የሁለተኛው ቢየላና ፒስተን ይጣላሉ። የሚተካው ቢየላ ከሌሎቹ ጋር በሚዛን ተመዝኖ የክብደት ልዩነቱ መመሪያው በሚፈቅደው ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ። የቢየላ ማረፊያዎች ሦስቱም በአንድ ልክ ይታረዱ፤ ሁለቱ ደኅና ናቸው ተብሎ አንዱ ብቻ ቢታረድ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው መካኒክ የተሳሳተ ብሮንዚን ያዝዛል። የታረደበትም ልክ በሞተሩ አካል ላይ ይቀረጽ። አንደኛውና ሦስተኛው ፒስተን ተለክተው፣ የፋሻ ቦያቸውም ካልሰፋ ይመለሳሉ። የየቢየላው ክዳን ከገዛ ቢየላው ጋር በቁጥሩ መሠረት ይገጠም እንጂ አይቀያየር። ኢንጄክተሮቹ ዘይቱ ስለማይደርስባቸው በመሞከሪያ የመርጫ ግፊታቸው ታይቶ ይመለሳሉ። የውኃ ፖምፓው፣ ሞተሪኖውና ዲናሞው ብልሽቱን አላዩም፤ እነርሱን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። እዚህ ላይ ኮሚቴው መካኒኩን «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ መካኒኩም በልኬት ሊመልስ ይገባል።

ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ገበያ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ማይክሮሜትር የያዘ ሰው አብሮ ይሂድ። ያገለገለ ክራንክ ሻፍት፣ ቴስታታ ወይም የሞተር አካል ተለክቶ ሊገዛ ይችላል። ያገለገለ ቡሎን፣ ብሮንዚንና የዘይት ፖምፓ ግን በርካሽ ቢቀርብም አይገዛ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የግምጃ ቤት ጉዳይ ነው። በበርካታ መሥሪያ ቤቶች ከሞተር የወጣ አሮጌ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በመደርደሪያ ይቀመጣል። ምልክት ካልተደረገበት ግን ከወራት በኋላ ሌላ ሞተር ሲበላሽ «ዕቃ አለን» ተብሎ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። የማይመለስ ዕቃ ሁሉ በቀይ ቀለም ይቀባ፤ ቡሎኖች በመጋዝ ይቆረጡ፤ ብሮንዚኖችም ይጣመሙ። የሚመለስ ሆኖ ለጊዜው የተቀመጠው ደግሞ ልኬቱ፣ ቀኑና የለካው ሰው ስም የተጻፈበት ካርድ ይንጠልጠልበት፤ ዝገት እንዳይዘውም በዘይት ይቀባ። ክራንክ ሻፍት እንዳይጎብጥ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይቀመጥ።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ከመነሣቱ በፊት ናፍጣው ተዘግቶ በእጅ ወይም በሞተሪኖ ይዙር፤ የዘይት ግፊት አመልካቹ ከተነሣ በኋላ ብቻ ናፍጣው ይከፈት። ለረጅም ጊዜ ያለ ጭነት ማሠራት ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር እንዳይላመድ ስለሚያደርግ፣ ከሞቀ በኋላ መጠነኛ ጭነት ይሰጠው። የመጀመሪያው ዘይትና ማጣሪያ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየር፤ የወጣውም ዘይት እንደ መጀመሪያው ቀን በነጭ ጨርቅ ተጠልሎ በማግኔት ይታይ። በጨርቁ ላይ አዲስ ብናኝ ከተገኘ ሞተሩ በዚያው ሰዓት ይቁም።